የፈሰሰው የነቀዝ መድኃኒት

በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። በመካነ ሰላም አስተማሪ ነበርሁ። ከከላላ በበቅሎ ስመለስ በእርዳታ እህል መጋዘኑ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ወረድሁ። ከመኪና ሲወርድ የነበረ የነቀዝ መድኃኒት በርሜል ወድቆ ተሰንጥቋል። አፍንጫ የሚያቃጥል ፈሳሽ ወለሉን ይዞ ወደ ስንዴው ይሄዳል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሼ አራጌ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። «በጆንያ ጥረጉት፤ ውሃም ድፉበት» ብለው ተሸካሚዎቹን አዘዙ። ለዘመቻ የመጣች ብርሀንነሽ የምትባል የጤና ተማሪ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ማንም አይገባም። ውስጥ ያላችሁም ውጡ» አለች።

«ልጄ፣ ገለል በይ። ያ ሁሉ ሕዝብ ከትናንት ጀምሮ እህል ይጠብቃል።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። የቆምሁትም ለእሱ ነው።»

«ነቀዝ የሚገድል ነገር ሰው ምን ያደርጋል? እኔ የነቀዙን ዱቄት በእጄ ስነሰንስ ኖሬአለሁ።»

«በእጅዎ መነስነስዎም ጥሩ አልነበረም። ይህ ደግሞ ገና በውሃ ያልቀጠነ ነው፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ውሃ ከደፋንበት ታች ወዳለው ምንጭ ይወርዳል።»

«የረጠበውን አስጥተን ብናድለውስ? የተራበ ሰው ሽታ አይመርጥም።»

ብርሀንነሽ ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዝም ተብሏል። አሁን ደግሞ መርዝ አይሰጠውም። ቢያሳስሩኝም ከዚህ አልነቃነቅም።»

ሽማግሌውን በክፋት የሚጠረጥር ይሳሳታል። የሚያንገበግባቸው ውጭ የተቀመጠው ረሃብተኛ ነበር፤ አደጋውን ግን አላወቁትም።

በዚህ መካከል በርሜሉን ሲያነሳ ደረቱ የራሰበት ተሸካሚ፣ ምናለ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ላብ አጠመቀው፤ ምራቁ ይዝረበረባል።

«ጋሼ፣ ዓይኔ ጭልም አለብኝ» አለ።

ጋሼ አራጌ ምናለን አዩና ወደ ብርሀንነሽ ዞሩ። «ምን እናድርግ፣ ልጄ?» አሉ።

«እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ልብሱን አውልቁ። ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።» በርሜሉ ላይ ያለውን ስም ከሩቅ አንብባ በወረቀት ጻፈችልኝ፤ እኔም ሐኪሙ የመርዙን ማርከሻ እንዲያዘጋጅ በበቅሎዬ ቀድሜ ሄድሁ።

ስመለስ አየር እንዲገባ የመጋዘኑ የፊትና የኋላ በር ተከፍቷል። ተሸካሚዎቹ በብርሀንነሽ ምክር ፈሳሹን ከዳር እስከ ዳር በደረቅ አፈር ከበው አልብሰውታል። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ቦቲና ጓንት ያደረጉ ሁለት ሰዎች በአካፋ እያፈሱ ባዶ በርሜል ውስጥ ይከታሉ። ፈሳሹ የነካቸው አሥራ አንድ ጆንያዎች ቀይ ምልክት ተደርጎባቸው ለብቻ ተቀምጠዋል።

ከሰዓት በኋላ አንድ የእርዳታ ኮሚቴ ሰው መጣ። «ሰው እየሞተ አሥራ አንድ ጆንያ ስንዴ ማን ከለከለ?» ብሎ ተቆጣ።

ብርሀንነሽ ልትመልስ ስትል ጋሼ አራጌ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ። ደረቁ ስንዴ አሁን ይታደላል፤ ይህ ግን ለእንስሳም አይሰጥም። ጠዋት እኔም እንዳንተ ነበርሁ፤ ምናለ ሊሞትብኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒት ከእህል ጋር አንድ ቤት አያድርም፤ በር ላይም ደረቅ አፈር፣ አካፋ፣ ሳሙናና ውሃ ይቀመጣል። ካልጣመህ ሌላ ኃላፊ ፈልግ።»

ሰውየው ሌላ ኃላፊ አልፈለገም። ምናለ በአምስተኛው ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ስንዴ የበላ አንድም ሰው አልታመመም፤ ምንጩም ንጹሕ እንደሆነ ቀረ።