ማንም ያልጠየቀው ታማኝነት

አቶ ማ ጁንግሶክ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ በትልቁ የቺፕ ኩባንያ የእንግዳ መቀበያ ክፍል ከተቀመጡ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። ደቡብ ኮሪያ፣ ቺዮናን ከተማ ያለው ፋብሪካቸው የኮምፒውተር ቺፕ የሚወጣበትን ስስ ሰሌዳ የሚያጥብ ማሽን ይሠራል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሸጠው ለዚህ ኩባንያ ብቻ ነው። ኩባንያው አዲሱን የፋብሪካ ግንባታ አዘግይቻለሁ ብሎ ትእዛዙን ከሰረዘ ወር ሆኖታል። ዛሬ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን የግዢ ክፍል ሰው ካላዘነላቸው ሰባ ሠራተኛ መበተኑ ነው።

በሩ ተከፈተና የገባችው ፒዮ ዩንሄ ሆነች። ድሮ የእሳቸው መሐንዲስ ነበረች፤ አሁን ሌላ ዓይነት ማሽን ለሚሠራ ድርጅት ነው የምትሠራው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሉ በሆዳቸው።

"አለቃዬ! እርስዎ ነዎት?" ብላ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። "ምነው ከሱ? ምሳ በልተዋል?"

"በልቻለሁ" አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። "አንቺም ልመና ነው?"

"የኛንም ሰርዘውታል። ግን ሲንጋፖርና ጃፓን ደንበኛ ስላለን ተንገዳገድን እንጂ አልወደቅንም።"

"በይ እንግዲህ፣ 'ብዬዎት ነበር' በይኝ። ያ የሲንጋፖር ሰውዬ ትዝ ይልሻል አይደል?"

እንዴት ትረሳዋለች! ከሦስት ዓመት በፊት፣ እሳቸው ጋ ስትሠራ፣ ለምና ያመጣችውን የሲንጋፖር ገዢ፣ "ትልቁ ኩባንያ እንዳይሰማ" ብለው በጓሮ በር አስገብተው፣ አንድ ጉርሻ ሩዝ ሳያቀምሱ የሸኙት እሳቸው ናቸው። እንግዳን በረሃብ የሸኘ ሰው በየትኛው አፉ ይናገራል?

"ክህደት መስሎኝ ነው" አሉ። "ያሳደገኝን ትቼ ለባዕድ ልሽጥ? ሰው አይደለሁም እንዴ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሌላ አትሽጥ ያለዎት ሰው ነበር?"

አንገታቸውን ደፉ። "የለም። እንዲያውም በማግስቱ ደውዬ፣ ለእናንተ ስል ገዢ መለስኩ አልኳቸው።"

"ምን አሉዎት?"

"'ማን ልበል?' አሉኝ።"

ዩንሄ መሳቅም ማዘንም አቃታት። "አለቃዬ፣ ጨክነውብዎት አይደለም፤ አያውቁዎትም። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ሰው ዋጋ ሲቀንሱበትም እሺ፣ ሲያዘገዩበትም እሺ ነው። ሌላ ገዢ ሲኖረን ነው እኛ እምቢ ማለት የቻልነው። ማሽናችንንም ያሻሻልነው ሲንጋፖሮቹ ያሳዩንን ጉድለት አርመን ነው፤ እዚህ ያሉትም ያከበሩን ከዚያ ወዲህ ነው።"

"ሠራተኞቼን በየትኛው ዓይኔ ልያቸው? ታማኝነት ነው እያልኩ አሳመንኳቸው። ፈሪ ነበርኩ፣ በቃ!"

"ይህንኑ ይንገሯቸው። ከሲንጋፖሩ ሰውዬ ጋር እኔ አገናኝዎታለሁ።"

ይኼኔ እንግዳ ተቀባይዋ ብቅ አለች። "የግዢ ክፍሉ ሰው ዛሬ አልተመቻቸውም። ሰኞ ይመለሱ።"

"ሰኞ ወደ ሲንጋፖር መንገደኛ ነኝ፣ የኔ ልጅ" ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ጠዋት በሰባው ሠራተኛ ፊት ጎንበስ አሉና ሁሉንም ተናዘዙ። ቀና ለማለት ድፍረት አጡ። ቀድማ የመለሰችላቸው ከፊት የቆመችው አንጋፋዋ የማሽን ገጣጣሚ ናት፦ "ፍርሃት መሆኑን እኛም እናውቅ ነበር። ፈርተን ነው ዝም ያልነው።"

ከዓመት በኋላ ፋብሪካው ሦስት ገዢ አገኘ። ትልቁ ኩባንያ ሲመለስም በዋጋ ተነጋግረው እንጂ ተለማምጠው አልሸጡለትም። እስከዚያ ግን ከሰባው አሥራ አንዱ ተበትነው ነበር። አቶ ማ የአሥራ አንዱንም ስም እስከ ዛሬ በቃላቸው ያውቁታል።