ስም የሚጠራበት ድንኳን

አቶ እንደሻው ልጅ ሳሉ፣ ኢተያ፣ ከአባታቸው አጥር ሥር ሆነው የሰሙት ንግግር ነበር። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው፣ «ቤቱ በሽታ አለበት፣ አትግቡ» ይላል። ሌላው፣ «እኛ ካልገባን ማን ያነሳዋል?» ይላል። በሽታው ምን እንደነበረ፣ የታመመውም ሰው ይዳን ይሙት ዛሬ አያስታውሱም። አባታቸው ከሁለቱ የትኛው እንደነበሩ እንኳ ተምታቶባቸዋል። የቀራቸው ሁለተኛው ድምፅ ብቻ ነው። የደግ ሰው ድምፅ መስሏቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲከተሉት ኖሩ።

አሰላ ላይ የእድር ዳኛ ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት ሲያገለግሉ፣ ድንኳኑ ጎድሎበት የተቀበረ አባል የለም። ሦስቱንም ቀን መዝገብ ይዘው ስም ይጠራሉ፤ «አቤት» ያላለ ሰው በማግስቱ ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል። ኮሮና መጥቶ ቀበሌው «ለቅሶ ላይ ሰው አታብዙ» ባለ ጊዜም፣ «ሰው እንደ ውሻ አይቀበርም» ብለው መዝገባቸውን ይዘው ወጡ። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በጎረቤታቸው በአቶ ሀብተ ማርያም ለቅሶም እንዲሁ ሆነ። ዝናብ ስለነበር ድንኳኑ ዙሪያውን ተዘግቶ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ከሴቶቹ ጋር ሦስቱን ቀን ንፍሮ ሲያድሉ ሰነበቱ። አሁን ተሻለች አልጋ ላይ ናቸው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ጭላሎ በጉም ተሸፍኖ፣ አቶ እንደሻው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ ከፈናን ጋር ተገጣጠሙ። ፈናን የመምህር ደገፋ ልጅ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«ጋሼ እንደሻው፣ እንዴት አረፈዱ?» አለች ራቅ ብላ ቆማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ጉልበት መሳምም ቀረ?»

«ለእርስዎ ስል ነው የራቅሁት። የያዙት የሳል ሽሮፕ ነው፤ ማን አሞት ነው?»

«ብርድ ነው። የአሰላን ብርድ አንቺ አታውቂውም?»

«አብሬው ነው ያደግሁት። እትዬ ተሻለች ናቸው?»

ሽሮፑን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በተቆጡ ነበር።

«ትናንት መጥቼ በሩ ተዘግቶብኝ ተመለስኩ» አለች። «ከድንኳኑ የወጡ ዘጠኝ ሰዎች ታመዋል። ከእትዬ ጋር ንፍሮ ታድል የነበረችው አይናለም ትናንት ሆስፒታል ገብታለች።»

ካፊያው ሲበረታ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እሳቸው በሌላው ተጠለሉ።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ በመጨረሻ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው። ስትጋደም ያፍናታል። ሆስፒታል ግን አልወስዳትም።»

«ለምን ጋሼ?»

«እዚያ የገባ ብቻውን ነው የሚሞተው። በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ካህኑም ፍትሐቱን ከሩቅ ነው የሚያደርሱለት። የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ ስትገንዝ የኖረች ሴት፣ በተራዋ የሚገንዛት ትጣ?»

«እትዬ ተሻለች ሞቱ እንዴ?»

«ምላስሽን ቁረጪው!»

«ታዲያ ስለ ቀብራቸው ለምን እናወራለን?»

አቶ እንደሻው ጋቢያቸውን አጣፉ።

«ጸበል እያጠጣኋት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ባሕር ዛፍም አጥኛታለሁ።»

«ጸበሉን አልከለክልዎትም፤ ቤታችንም ስለ እሳቸው ይጸልያል። እንፋሎቱ ግን ያጡትን አየር አይመልስላቸውም። ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ ይዣለሁ፤ አየር ያነሳቸው እንደሆነ አሁኑኑ አያለሁ። ካነሳቸው ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ደግሞ ቤት ውስጥ የለም። ቶሎ ከመጡት ብዙዎቹ ድነው በእግራቸው ወጥተዋል። በላስቲክ የወጡት አብዛኞቹ ቤት ተደብቀው የቆዩት ናቸው። ሰዉ አወጣጣቸውን አየ እንጂ መቼ እንደገቡ አልጠየቀም።»

«ሰው ከራቀንስ ማን ውሃ ያቀብለናል? ድንኳን ካልተከለ እድር ምኑ እድር ነው?»

«የላይ ሰፈር እድር ድንኳኑን ለጤና ጣቢያው አውሶታል። ዝናብ እየመታው ምርመራ ይጠብቅ የነበረ ሰው አሁን ከሥሩ ተራርቆ ይቀመጣል። ስም መጥራቱንም አልተዉትም፤ ጠዋት ጠዋት በሽተኛ ላለበት ቤት ሁሉ ይደውላሉ፤ የባሰበት ካለ ለእኔ ይነግሩኛል። ምግብና ውሃ ደጃፍ ላይ አኑረው፣ ተጣርተው ይመለሳሉ። ክትባቱም መጥቷል፤ ለሽማግሌ ቅድሚያ ነው።»

«እንግዲህ የሚያስተዛዝነን ቴሌ ነዋ።»

«ኔትወርክ ካለ» አለች ፈናን።

ሊስቁ ብለው ሳቁ መሐል ላይ ቀረባቸው። በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

«አሰግድን ታውቂዋለሽ፤ አናጢውን። በለቅሶው ቀን ‹ጋሼ፣ ሳል ይዞኛል፣ ልቅር› ብሎ ሰው ልኮብኝ ነበር። ሰበብ ነው አልኩ። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራሁት። አፈረና መጣ። ተሻለች ንፍሮ ከምታድልበት አጠገብ ነው የተቀመጠው።»

ፈናን ልታጽናናቸው አልሞከረችም። «እንሂድ፣ እንያቸው» ብቻ አለች።

ሰውን የሚጎዳው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለናል። እንደሻው ክፉ አልነበሩም። እናት አባት ያቆዩትን ደግነት፣ ዛሬ ማንን እንደሚጠቅም ሳይጠይቁ፣ እንዳለ ያዙት። የእድር ፍሬ ነገሩ ሰው በችግሩ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ነው፤ ይህም በስልክ ይሆናል፣ ደጃፍ ላይ በሚቀመጥ ምግብ ይሆናል፣ በሽታን ባለመደበቅ ይሆናል። እንዲህ ያደረገ ሰፈር ከሚቀብረው የሚያተርፈው ይበዛል።

ቤት ሲደርሱ ፈናን መስኮቱን አስከፍታ መለኪያውን ወይዘሮ ተሻለች ጣት ላይ ሰካች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ሰማንያ አንድ» አለች። «ከዘጠና በላይ መሆን ነበረበት። ጋሼ፣ ለአምቡላንስ ልደውል?»

ወይዘሮ ተሻለች ትራስ ተደግፈው፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሱ፣ «እንደሻው… የመጣው ይምጣ… ሰው ሰብስበህ… ስም እንዳትጠራብኝ» አሉ። «ሰዎቹም… ልጆች… አሏቸው።»

አቶ እንደሻው ከበሩ ወደ አልጋው ተራመዱ። አጠገባቸው ሊቀመጡ ፈልገው ነበር፤ ፈናን በእጇ ከለከለቻቸው።

«ደውዪ» አሉ። «ብቻዋን ትሂድ፤ እሺ። እኔም ተመርምሬ እስክትለቂኝ ከቤት አልወጣም። ብትድንም እሰየው፤ ባትድንም በዚህ ግቢ ድንኳን አይተከልም፤ ለአባላቱ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ፈናን ለአምቡላንሱ ስትደውል እሳቸውም ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«በድንኳኑ ለነበሩት ሁሉ ዛሬውኑ ተመርመሩ እላቸዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን አሰግድ ጋ እደውላለሁ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»