ጡንቻ የሚያድገው ሲተኙ ነው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ደረጃው አደከመዎት አይደል? ሦስት ፎቅ በዚያ ጉልበትዎ... የስፌት መኪናዎስ? ፔዳሉ ተሠራልዎ? እሰይ! ትንሽ አረፍ ይበሉና አባባን በወንበሩ እናወርደዋለን። የእግሩ ጀሶ የሚፈታለት ዛሬ ነው። ያለፈው ሳምንት ቀጠሮ አምልጦናል፤ የዛሬውም ካለፈ ሌላ ወር ጠብቁ ተብለናል።

ለምን አመለጣችሁ ነው የሚሉኝ?... ኧረ እንዲያው ነው። እዚህ ቤት የሚያድር አንድ ሰው፣ ስም አልጠራም፣ ሐሜት አልወድም፣ በዋዜማው ጂም ገብቶ መቶ ሃያ ኪሎ ብረት ትከሻው ላይ ጭኖ ቁጭ ብድግ ሲል ውሎ፣ ጠዋት እግሩ አልታጠፍ አለው። ሽንት ቤት እንኳ የተቀመጠው ግድግዳ ይዞ ነው፣ የኔ ጌታ! ታዲያ በዚያ እግሩ ሃምሳ ኪሎ የማይሞላ ሽማግሌ ይሸከም? ግፍ አይሆንም? ዘመድ ቢረዳዳ ችግርም ባልጎዳ ይባላል... ዘመድየው ራሱ ከተጎዳስ?

ትናንት ደግሞ ተራው የክንድ ነበር። ዛሬ ማበጠሪያው ፀጉሩ ጋ አልደርስ ብሎት፣ ያበጠርኩለት እኔ ነኝ። ነገ እንዳንል፣ ነገ ጀርባ ነው።

ጎበዝ ነው ታዲያ! አንድ ቀን ካረፈ ያካበተው ሁሉ ይቀልጣል አሉ። እውነት ነው እኮ! አባባ ወድቆ ሁለት ወር ቢተኛ፣ ያ ጭኑ የኔን ክንድ አክሎ የለ? ሐኪሙ አይቶ የፕሮቲን ዱቄት አዘዘለት፤ በቀን አንድ ማንኪያ፣ በወተት። ለወር የተባለው ቆርቆሮ በስምንት ቀን አለቀ። የት ገባ ብዬ ስጨነቅ፣ ለካ ከቤት አልወጣም... የአንድ ሰው ደረት ላይ ነው ያለው! እኔና እሱ አንድ ጡት ጠብተን፣ ለሱ ብቻ ጡንቻ ሆነለት። አባባ እንደሆነ «ተይው ይጠጣ፣ ገና ልጅ ነው፣ ይደግ» ነው ያለኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ልጅ... መቼም ሳያድግ አይቀር? እኔ ግን እትዬ፣ ያን ቀን ማድቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ኧረ ድምፃችንን ቀነስ እናድርግ! እዚያ ክፍል የተኛ አለ። ጡንቻ የሚያድገው ሲተኙ ነው አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ በሉ እኛ ድሮቹ ወንበሩን እንያዝ፣ አንበሳው ይረፍ።

አባባ፣ እጅህን አንገቴ ላይ አድርግ። እንደሱ። እትዬ፣ እርስዎ በእግሩ በኩል... ብድግ! እሰይ፣ እንዴት ያለ ጉልበት ነው ያለዎት! ቆይ፣ በሩ ጋ ቆም እንበል፤ ሳይመርቁ መውጣት ደግ አይደለም።

ጉልበቱን ያበርታለት! ያካበተው አይቅለጥበት! አምላክ ወንድ ልጅ ይስጠው... ደረቱም፣ ክንዱም፣ ልቡም ሳይቀር ቁርጥ እሱን የሚመስል፤ በስተርጅናው የሚጦረው።

አባባ፣ አሜን በልለት እንጂ!