ሐያት ሦስቱን ብቻዋን ያስወጣች ለታ

በእኛ ጊዜማ ኳስ ይጫወቱታል እንጂ አይቆጥሩትም። ያገባውን ልጅ ትከሻችን ላይ አውጥተን ሰፈሩን እናዞረዋለን፣ በማግስቱ ያው ልጅ እናቱ ውሃ ቅዳ ብላ ስትጮህበት ታገኘዋለህ፣ አለቀ። ማን ይጽፋል? እዚህ አሜሪካ ግን ቆጠራቸው! ያንን የሱቁን ቴሌቪዥን እዩት፣ ከሥር ከሥሩ የሚሮጠውን ቁጥር። እከሌ ግራኝ ሆኖ፣ በዝናብ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከሱ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ ይልሃል። ወላሂ፣ አንዱ ሲያዛጋ "በታሪክ የመጀመሪያው" የሚሉበትን ቀን እየጠበቅኩ ነው።

እስቅ ነበር መጀመሪያ። ታዲያ አሁን አልስቅም፣ ለምን፣ የኔው የልጅ ልጅ፣ ሐያት፣ እዚያ ቆጠራ ውስጥ ገባች፣ እና የገባችበት ለታ እኔ... ቆይ፣ በተራው ልንገራችሁ። አንተ፣ ድምፁን ቀንስልኝ እስኪ። አታጥፋው! ቀንሰው።

ሾርላይን የሚባል ከተማ ነው የምንኖረው፣ ልጄ መዲና፣ ልጇ ሐያት፣ እኔ። መዲና ሆም ኬር ነው የምትሠራው፣ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ሄዳ መንከባከብ፣ ፌደራል ዌይ የሚባል ሌላ ከተማ ድረስ እየነዳች፣ ትራፊኩን ታውቁታላችሁ። ሶ ሐያት ለትምህርት ቤቷ ስትጫወት ከቤተሰብ የምገኘው እኔ ብቻ ነኝ። ታክሲ መንዳቱን ከተውኩ ወዲህ ሥራዬ እሱ ነው። ጨዋታውን ሶፍትቦል ይሉታል። ለስላሳ ኳስ ማለት ነው አሉኝ፣ ጉልበቴን ሲመታኝ ግን ልስላሴው አልታየኝም።

ያስተማረኝ ጎረቤታችን ሬይ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። "ሰይድ፣ ስማኝ" አለኝ፣ "አራት ማዕዘን አለ። ዱላ የያዘችው መትታ፣ ማዕዘኑን ዞራ ቤቷ ከገባች ነጥብ ነው። ኳሱን መሬት ሳይነካ ከያዝክ የመታችው ወጣች፣ ማዕዘኗን ለቃ የሮጠችውም ሳትመለስ ኳሱን ይዘህ ማዕዘኑን ከረገጥክ ወይ እሷን ከነካህ ወጣች። ሦስት ሰው ካስወጣህባቸው ተራው ያንተ ነው። አለቀ።" ይኸው ነው አልኩ። እና አንድ ቀን ምን ይለኛል፣ "ከመሞቴ በፊት በዓይኔ ባየው የምለው አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው ብቻውን፣ ማንም ሳያቀብለው፣ በአንድ ምት ሦስቱንም ሲያስወጣ። ትልልቆቹ ቡድኖች ከመቶ ዓመት በላይ ሲጫወቱ፣ ይኸ የሆነው በሁለት እጅና በአንድ እግር ጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።"

"ምኑ ይከብዳል?" አልኩት።

"መክበዱ አይደለም። ኳሷ ራሷ ካልመጣችልህ አታደርገውም። ተለማምደህ አታመጣውም።"

"እሱማ ሪዝቅ ነው!"

"ምንድን ነው ሪዝቅ?"

"ያንተ ከሆነ በርህን አንኳኩቶ የሚመጣ።"

ሬይ ራሱን ነቀነቀ። "አዎ፣ እሱ ነው" አለ።

እና ያ ቀን መጣ። ተራ ጨዋታ ነው፣ ሰማዩ እንደልማዱ ያካፋል ይተዋል። የዓስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ሰዓት ደረሰ። እኔ ሰዓቱን አላሳልፍም፣ መስገጃዬን ይዤ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ሄድኩ፣ መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ጋ ሣር አለች። ታዲያ ሱጁድ ላይ ነኝ፣ ግንባሬ መሬት ላይ፣ ከኋላዬ ምን ሰማሁ? ጧ! ከዚያ ዝም። ከዚያ ጩኸት! ጩኸት ስላችሁ፣ የብረት መቀመጫው ራሱ የሚጮህ ነው የመሰለኝ። ሰው የሞተ መሰለኝ። ሶላት ደግሞ በጩኸት አይቆረጥም። ቀኝ አሰላመትኩ፣ ግራ አሰላመትኩ፣ ዞር ስል ልጆቹ አንዷ በአንዷ ላይ ተከምረዋል፣ ሬይ ትልቁ ሰውዬ ያለቅሳል።

"አየኸው? ሰይድ! አየኸው?"

ልጅቱ መታች፣ ሐያት ኳሱን መሬት ሳይነካ ያዘች፣ አንድ። ሁለተኛው ማዕዘን ላይ የነበረችው መሬት የሚነካ መስሏት ቀድማ ሮጣለች፣ ሐያት ማዕዘኑን ረገጠች፣ እሷም ወጣች፣ ሁለት። ከመጀመሪያው ማዕዘን እየሮጠች የመጣችው መቆም አቅቷት ሐያት እቅፍ ውስጥ ገባች፣ ነካቻት፣ ሦስት። በቃ። ሰው አስነጥሶ "ይማርህ" እስኪባል ድረስ አይፈጅም። ሬይ ነው የነገረኝ። እኔ ግንባሬ ሣር ላይ ነበር።

ሐያት እየሮጠች መጣች። "አባባ! ዲድ ዩ ሲ ኢት?"

እስቲ ፍረዱኝ፣ አሁን ከሶላት የተነሣ ሰው ይዋሻል? "ሐያትዬ፣ እየሰገድኩ ነበር" አልኳት። ፊቷ እንደተነፈሰ ጎማ ሆነ። "ኦኬ" አለች። "ኢትስ ኦኬ አባባ።" እሷ ኢትስ ኦኬ ስትል ኦኬ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

እዚህ ላይ ጂና መጣች። ጂና ኳሱን የምትወረውረው ናት፣ የኮሪያ ልጅ፣ ቀጭን፣ እሳት። "ቆይ ቆይ፣ አያትሽ ያኔ እየጸለየ ነበር?" "አዎ።" "ልክ ያኔ?" "ልክ ያኔ።" አሠልጣኛቸው፣ ኮቿ፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ከላይ እስከታች አየችኝ። እኔ መች ገባኝ!

ለካ እነዚህ ሰዎች የሠራላቸውን ነገር አይነኩም። ጂና ያሸነፈችበትን ካልሲ አታጥብም፣ ወላሂ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ መኪናዬ ውስጥ ስትገባ መስኮት እከፍታለሁ። ኮቿም ሁልጊዜ ያችኑ ባርኔጣ ነው የምታደርገው። ታዲያ እኛስ አገር ጠዋት ስትወጣ ገደኛ ሰው ካጋጠመህ ቀንህ ይቃናል አይባልም? ያው ነው። ገዳቸው ሆንኩ። ለሬይ፣ "በኛ ሃይማኖት ገድ ብሎ ነገር የለም፣ ሰጪውም ነሺውም አላህ ነው" አልኩት። "እሱን ሂድና ለኮቿ ንገራት" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ የለም። ገና ከመድረሴ ያዩኛል። "ሚስተር ሰይድ፣ ሰዓቱ አልደረሰም?" "አልደረሰም።" "ሶ... መቼ ነው?" ታዲያ ምን አደረጉ፣ የሶላት ሰዓት የሚናገረውን አፕ ዳውንሎድ አደረጉ! ጂና ሜዳው ዳር ሆና አዛን ከስልኳ ትለቅብኛለች! "አላሁ አክበር" ሲል ቡድኑ በሙሉ ወደኔ ይዞራል፣ ዳኛውም ይዞራል። አንተ ሳቅ፣ አንተ ላይ አልደረሰም። እና የባሰው፣ እኔ በሄድኩ ቁጥር ማሸነፋቸው! ስመለስ አልቋል። ከሰገድኩም በኋላ፣ "እባክዎ ጀርባዎን እንደሰጡ ይቆዩ" ይሉኛል። የልጄን ልጅ ጨዋታ ከመኪናዬ ጎማ ጋር ተፋጥጬ ጨረስኩት።

ዋንጫው ጋ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሐያት ኮሌጅ ሩቅ ትሄዳለች። ዋዜማውን በመኪና ስመልሳት መስኮት መስኮቱን እያየች፣ "አባባ፣ ነገ ላስት ጌሜ ነው" አለች።

"ነገ ዓይኔን ካንቺ አልነቅልም" አልኳት። "ማንም ቢመጣ።"

"ፕሮሚስ?"

"ወላሂ።"

ሳቀች። ያችን ሳቅ ያዙልኝ።

በማግስቱ ጨዋታው በዙህርና በዓስር መሀል ነው። ዙህርን፣ የቀትሩን፣ ሰግጃለሁ፣ ዓስር ሩቅ ነው፣ እፎይ ብዬ ከፊት ተቀመጥኩ። ወዲያው ከበቡኝ። ጂና ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "ሚስተር ሰይድ፣ ዛሬ ብቻ፣ ፕሊስ፣ ትንሽ ይጸልዩ።"

"ልጄ፣ ሶላት ታክሲ አይደለም፣ ኮል ስታደርጊ አይመጣም። ለኳስም አይሰገድም።"

"ጀርባዎንስ?"

ሐያትን አየኋት። ጫማዋን ታያለች። ለጓደኞቿ ብላ ዝም አለች፣ እኔም ለጓደኞቿ ብዬ ተነሣሁ። መሐላዬን በላሁ! ሄጄ መኪናዬ ፊት ቆምኩ። ሬይ ጎኔ ቆመ፣ እሱ ፊቱን ወደ ሜዳው፣ እኔ ፊቴን ወደ መኪናው፣ እንደ ሬድዮ ያወራልኛል። "መራን... አቻ ሆኑ... አሁን መራን።"

መጨረሻው ደረሰ። በአንድ ነጥብ እየመሩ ነው፣ የቀራቸው አንዲት ሴት ማስወጣት ነው፣ ከተቃራኒው ሁለት ሰው ማዕዘን ላይ ቆመዋል። ሬድዮዬ ተቋረጠ። እና ከሜዳው መሀል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ በአማርኛ፦

"አባባ! ዙር!"

አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም እሷ። እቤት እንኳ በአማርኛ ስትመልስልኝ ወር ያልፋል።

"ኖ! ኖ! ኖ!" ጂና ናት። ሬይ ክንዴን ይዞ፣ "ሰይድ፣ እንዳትዞር!" ይለኛል።

"አባባ! ዙር! እየኝ!"

ዞርኩ። ታዲያ አልዞርም?

አየኋት። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ጓንቷን ከፍታ፣ ፊቷ ሁሉ ጭቃ። ጧ! ኳሱ መሬት መሬቱን መጣ፣ ወደሷ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደሷ። ጎንበስ አለች። እና በእግሮቿ መሀል አለፈ። አለፈ! ሁለቱም ሮጠው ቤታቸው ገቡ። ተሸነፍን።

ሬይ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋው። ጂና ወደ ሐያት ሮጠች፣ "ለምን ጠራሽው? ለምን!" ትላለች፣ ታለቅሳለች። ሐያት ምን ብላ እንደመለሰችላት ሬይ ነው በኋላ ከልጆቹ ሰምቶ የነገረኝ፦ "አያቴ ነው፣ ያንቺ ካልሲ አይደለም።"

ከዚያ ወደኔ መጣች። ታለቅሳለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"አየኸኝ?"

"አየሁሽ።"

"ሶ... እንዴት ነኝ?"

ምን ልበላት? "ጭቃ ሆነሻል" አልኳት። መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች፣ ያንኑ የመኪናውን ሳቅ። ጂናም ቆይታ ሳቀች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አሁን ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ የሐያት ስም ተጽፎ ተሰቅሏል፣ ሦስቱን ብቻዋን ያስወጣች ተብሎ። ሰው ሲጠይቀኝ አሳምሬ ነው የምነግረው፣ ሬይ ራሱ "እኔ ካየሁት ያንተ ይሻላል" ይለኛል። ግን አላየሁትም። እኔ ያየሁት በእግሮቿ መሀል ያለፈውን ነው። እሱን የሚቆጥረው የለም፣ እና እሱ የኔ ነው።

ምን ትሳሳቃላችሁ እናንተ?

"ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑን ይዩት፣ ቡድናችን እየተመራ ነው።"

እና እኔ ምን ላድርግ?

"አይ፣ እንዲያው... ዓስር አልደረሰም?"

ሂድ ወዲያ! እኔ ያንተ ካልሲ ነኝ?

ሳቁ ሳይበርድ ጋሽ ሰይድ ሰዓታቸውን አዩ፣ መስገጃቸውን አነሡና ከሱቁ ወጡ። ዓስር እውነትም ደርሶ ነበር።