የድርቅ ዓመት ጓያ

(ደምቢያ፣ ግንቦት፣ ረፋድ ላይ፤ ወይዘሮ ያልጋነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተማ በእርሻ ምርምር ጣቢያ የምትሠራው ልጃቸው ውባንቺ ገና ከመኪና ወርዳ መግባቷ ነው፤ ምድጃው ላይ የጓያ ሽሮ ይንተከተካል።)

ውባንቺ፦ ድስቱን ልደፋው ነው እማ። አልሰማሁም እንዳትዪ።

ያልጋነሽ፦ እህል ነው የሚደፋው? አንቺ ልጅ፣ ከተማው ምን አቅምሶሽ ነው የመጣሽ? ይልቅ ከምድጃው ራቂ፤ የጓያ እንፋሎት እንዳይመታሽ።

ውባንቺ፦ እንፋሎቱ ምንም አያደርግም አልሁሽ እኮ። ሰውን የሚሰብረው መብላቱ ነው።

ያልጋነሽ፦ እናቴም የእናቴም እናት ጓያ ሲጥዱ በር ከፍተው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው። ገለባው ላይ እንኳ ሰው አያስተኙም ነበር። እነሱ ሁሉ ተሳስተው አንቺ ብቻ አወቅሽ? የእንፋሎቱን ጥፋት ለእህሉ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ።

ውባንቺ፦ ከእንፋሎቱ ትሸሹና ከገበታው ትቀርባላችሁ። የጎረቤታችንን የአያ መልካሙን እግር የሰበረው እንፋሎት ነው? ድስት አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ወንድ!

ያልጋነሽ፦ እሱማ በላቡ ከጓያ ማሳ ገብቶ ነው። አገር ያውቃል።

ውባንቺ፦ ሁዳዴን ሙሉ የጓያ ቂጣ በጓያ ሽሮ ሲበላ ከርሞ ነው።

ያልጋነሽ፦ በይ ተይው፤ ከመንገድ ገብተሽ ቆመሽ አትሟገቺኝ። ውሃ ከጠማሽ ከእንስራው ራስሽ ቅጂ። ቁርጥማቴ ተነሥቶብኛል፤ አልነሣልሽም።

ውባንቺ፦ ውሃ አላማረኝም። በጥር ከአውድማው አንድ እፍኝ ጓያ ይዤ ሄጄ አልነበር? ጣቢያው ውስጥ መረመርነው። መርዙ ከሌላው ዓመት እጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ውጤቱን እንዳየሁ ነው የተሳፈርሁት፤ ስልካችሁ እንደሁ አይሠራ።

ያልጋነሽ፦ ያው ዘር አይደለም እንዴ? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲዘራው የኖረ። አንቺም ጥርስ ስታበቅዪ የቆረጠምሽው። ከመቼ ወዲህ ነው ዘር በየዓመቱ ጠባዩን የሚለውጥ?

ውባንቺ፦ ዘሩስ ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነው። እንዴት ልንገርሽ... በተክሉ ውስጥ ዘረመል የሚባል አለ፤ ይህን ሥራ፣ ያንን ተው እያለ የሚያዝዘው። ሁሉም ታዲያ በአንድ ጊዜ አያዝዝም። ዝናቡ ደህና ሲሆን ቅጠል አብዛ፣ አብብ የሚለው ይከፈታል፤ ሌላው እዚያው ተዘግቶ ይተኛል። ድርቅ ሲመጣ ያ ይዘጋና የተኛው ይነሣል።

ያልጋነሽ፦ ተነሥቶስ ምን ይላል?

ውባንቺ፦ የቅጠልህን ቀዳዳ ዝጋ፣ ውሃ አታባክን፣ ሥርህን ስደድ ይላል። ጓያ ደግሞ በዚያ ላይ መርዙን ያበዛል። ለምን እንደሚያበዛ እኛም ገና አጥርተን አላወቅን፤ ሲጠማ እንደሚያበዛ ግን እናውቃለን። አምና ዝናቡ በነሐሴ ተቆረጠ። ጓያው ከተዘራ እስኪታጨድ ሲጠማ ነው የከረመ።

ያልጋነሽ፦ እህልም እንደ ሰው ክፉ ቀን ሲያይ ይከፋል በይኛ።

ውባንቺ፦ እንደዚያ በዪው።

ያልጋነሽ፦ ጤፉ ግማሹ ነድዶ፣ ሽንብራው አርሮ፣ እሱ ብቻ አረንጓዴ እንደለበሰ ቆመ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ብዬ መሬት ስሜያለሁ እኮ።

ውባንቺ፦ የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል።

ያልጋነሽ፦ ሞኟ እኔ ነኝ? ተባረኪ። አስተምሬሽ የመጣሽበት ምላስ ነው።

ውባንቺ፦ ይቅር በይኝ እማ። ፈርቼ ነው።

ያልጋነሽ፦ እና እዚያ ጣቢያ ተቀምጣችሁ ምን ትሠራላችሁ? መርዝ የሌለው ጓያ አታወጡም?

ውባንቺ፦ እየሞከርን ነው። አንድ ዝርያ አለን፤ ውሃ ሲጠግብ መርዙ ትንሽ ነው። ውሃ ስንነሣው ግን እንደገና ይጨምራል።

ያልጋነሽ፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ውባንቺ፦ ቢያድግልኝ የት ሄደ?

ያልጋነሽ፦ እርሻ ነዋ። ወንድምሽ በግንቦት ቤት ይውላል?

ውባንቺ፦ አረማመዱ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ጓያ ቶሎ የሚጥለው የእሱን ዓይነት ጎረምሳ ነው። በጣቱ ጫፍ መርገጥ ጀምሯል? ጉልበቱ ይከዳዋል? ጠዋት ሲነሣ ባቱ ግትር ይልበታል?

ያልጋነሽ፦ እሱስ ወይፈን ነው። ትናንት ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ እያፏጨ ነው የገባ።

ውባንቺ፦ ዛሬ ደህና ነው ብለሽ አትዘናጊ። ድንገት አንድ ጠዋት ነው የሚመጣው። ከመጣ በኋላ ደግሞ ሐኪም ቤት ቢኬድም የሚሰጥ መድኃኒት የለም።

ያልጋነሽ፦ ገና ሲጀምር ቢተዉትስ?

ውባንቺ፦ ባለበት ይቆም ይሆናል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። የተሰበረ እግር ተሰበረ ነው።

ያልጋነሽ፦ እህ።

ውባንቺ፦ ምነው?

ያልጋነሽ፦ ምንም። ለወንድምሽስ አትስጊ፤ ጓያ ባፉ አይዞርም። ገብሷን ለእሱ ነው የያዝኋት። የሚያርስ ጉልበት እህል ይፈልጋል።

ውባንቺ፦ ገብስ አለሽ? ታዲያ ምነው ከጓያው ብትቀላቅዪው! ሲቀላቀል እኮ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም አለ።

ያልጋነሽ፦ የሚደፋ ውሃ ከየት ይምጣ? ምንጩ ደርቆ የምንቀዳው ከወንዝ ማዶ ነው፤ እሱንም ወንድምሽ ከእርሻ ሲመለስ በአህያ ካመጣ። ገብሷንም ብቀላቅላት ለክረምቱ እርሻ አትደርስም። ወንድምሽ ከቦዘነ መሬቱ ጦሙን ያድራል፤ ያኔ ጓያም የለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ልጄ።

ውባንቺ፦ ጤፉስ? ግማሹ ነደደ አይደል ያልሽ፤ ሌላው ግማሽ የት ገባ?

ያልጋነሽ፦ ጤፉማ ሄደ።

ውባንቺ፦ ሸጥሽው?

ያልጋነሽ፦ ኧረ ወዲያ! በዚህ ዓመት ጤፍ የሚሸጥ ማን ነው?

ውባንቺ፦ እኮ የት ሄደ?

ያልጋነሽ፦ ለገና በመኪና የላክሁልሽ ምን መሰለሽ? አሸዋ?

ውባንቺ፦ ያ... የቤቱ ጤፍ ያ ብቻ ነበር?

ያልጋነሽ፦ በሰው አገር የሰው እጅ እያየሽ ልትኖሪ ነው? ደጋግሜ ነፍቼዋለሁ፤ አንዲት ጠጠር የለችበትም። እንጀራው ዓይን አወጣልሽ?

ውባንቺ፦ አልፈጨሁትም እማ።

ያልጋነሽ፦ አቤት?

ውባንቺ፦ እንጀራ ከሱቅ ነው የምገዛ። ከሥራ ስወጣ መሽቶ፣ ወፍጮ ቤት መቼ እሄዳለሁ? ማዳበሪያው አልጋዬ ሥር ነው።

ያልጋነሽ፦ እንደሰፋሁት?

ውባንቺ፦ እንደሰፋሽው። ምነው ብትነግሪኝ! ተርፏችሁ መስሎኝ ነው እኮ። በየቀኑ በእግሬ እየገፋሁት ነው የምተኛ።

ያልጋነሽ፦ ብነግርሽ ትቀበዪኝ ነበር? አትቀበዪኝም። አታልቅሺ፤ ጤፍ አይነቅዝም። ይልቅ ያን የጓያውን ነገር ጨርሺልኝ። ሲጠማ ቅጠሉን ይዘጋል አልሽ፤ ከባሰስ?

ውባንቺ፦ ከባሰ... የታች የታቹን ቅጠል ያረግፋል። የቀረችውን ሁሉ ለፍሬው ይልካል።

ያልጋነሽ፦ ጎሽ። እሱም የወለደ ነው።

ውባንቺ፦ ቆይ እማ። ጤፉ እኔ ጋ ነው። ገብሱ የቢያድግልኝ ነው። ይህን ድስት ማን ነው የሚበላው?

ያልጋነሽ፦ ሆድ ባዶ ይጠላል። ማንም ይብላው፤ ምን አስጨነቀሽ።

ውባንቺ፦ ማን ነው የሚበላው አልሁሽ!

ያልጋነሽ፦ እጠነቀቃለሁ እኮ። ስጥደው በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ እንፋሎቱ እንዳያገኘኝ ወዲህ መደቡ ላይ ነው የምሸሽ። ነጠላዬንም በአፍንጫዬ...

ውባንቺ፦ ከጥር ጀምሮ? ጠዋትም ማታም?

ያልጋነሽ፦ ቂጣውን እንኳ አልፎ አልፎ ነው።

ውባንቺ፦ ወይኔ እናቴ! በቃ፣ አሁን አልለምንሽም፤ ይኸው ድስቱን አወረድሁት፣ ደጅ ወጥቼ እደፋዋለሁ። ጫማሽን አድርጊ። የሚመለሰው መኪና ሳያመልጠን ከኔ ጋር ከተማ ትሄጃለሽ፤ ማዳበሪያውን ፈትተን ዛሬውኑ እናስፈጫለን። ተነሺ እንጂ! ከገባሁ ጀምሮ ከመደቡ ንቅንቅ አላልሽም፤ እንዲህ እልኸኛ ነበርሽ?

ያልጋነሽ፦ እልህ አይደለም ውብዬ። ደፍተሽ ስትመለሺ በብብቴ ገብተሽ አንሺኝ፤ ከፋሲካ ማግስት ወዲህ ግድግዳ ሳልይዝ ቆሜ አላውቅም። ለወንድምሽ ቁርጥማት ነው ብዬዋለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በዪው።