ያረጀ የመሰለው ቅጠል

ስለ አንድ ማሳ ሁለት ወሬ ሰማሁ። አያ ጓንጉል ወደ ጽጽቃ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ «ማሽላዬ አረጀ። ቅጠሉ ከእንግዲህ ለምንም አይሆነውም፤ ገፍፌ ለፍየሎቹ ልሰጥ ነው» አሉኝ። ወረድ ብዬ ያገኘኋቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓይናዲስ ደግሞ፣ «ምን አረጀ! ገና ፍሬ እየያዘ ነው። ያረጀስ የሱ ተስፋ ነው» አሉ። ሁለቱም ከዚያ ማሳና ከጥቂት ፍየሎች ሌላ የሚበሉት የላቸውም።

በኮሌጅ የተማርኩት የዕፅዋት ትምህርት ነውና ተመልሼ አያን ከማሳው ዳር ደረስኩባቸው። ማጭድ ይዘዋል።

«አያ፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነው አርጅቶ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው? አግብቶ?»

«ያለውን ለፍሬው እያስረከበ ነው። አረንጓዴነቱን ራሱ ያፈርስና ምግቡን ወደ ዛላው ይልካል። መብቀልና ማበብ እድገት እንደሆኑ ይህም የእድገቱ አንድ ወግ ነው። ሳይጨርስ ከገፈፉት ፍሬው አይሞላም።»

«የደረቀ የደረቀ ነው። የኔም መጠውለግ እድገት ነው በለኛ!»

«አይደለም አያ። እርስዎ አርጅተዋል።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ሞተ።

«ሰውና ቅጠል አንድ አይደሉም» አልኩ። «የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ወጣቱም ያራግፋል። አረጀ እንለዋለን?»

እጄን ይዘው ወደ ላይኛው እርከን ወሰዱኝ። እዚያ ዛላ አልወጣም፤ ቅጠሉ ከአናቱ ጀምሮ ተጠቅልሎ ከስሏል።

«ይኸስ እድገት ነው?»

«ይኸ በጥም ሞቷል። አልዋሽዎትም። ይህን ይጨዱት።»

የባልና ሚስቱ ክርክር ከንቱ አልነበረም። በድርቅ አገር ሞትና ሥራ አንድ መልክ ይይዛሉ፤ መለየት የሚቻለው ቀርቦ ላየ ብቻ ነው።

ወደ ታች ስንመለስ፣ ከቢጫዎቹ መካከል አንድ አገዳ እንደ ነሐሴ ለምልሞ ቆሟል።

«ይኸን ምን አገኘው?» አልኩ።

«ዝንጀሮ ዛላውን ሰብሮት ነው።»

«ከሌሎቹ ጋር አልተዘራም?»

«አንድ ቀን፣ በአንድ ጥማድ በሬ።»

«ታዲያ ስለምን አላረጀም?»

አያ ጓንጉል አገዳውን ጨብጠው ዛላው የተሰበረበትን ዳሰሱ።

«የሚያወርሰው አጥቶ ነው» አሉ። «ልጅ የሌለው ሀብት። ለማን ብሎ ይጠውልግ?»

«እንዳሉት ነው። ቅጠሉ ሥራውን እስኪጨርስ ከታገሡ ዛላው አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይሞላል፤ ለምግብ ባይተርፍ ለዘር ይተርፋል። ከአጨዳ በኋላ ቅጠሉም አገዳውም መኖ ነው፤ ኃይሉ ግን ለፍሬው ሄዷል።»

«ፍየሎቹስ እስከዚያ? የላዩ እርከን ስንት ቀን ያቆያቸዋል?»

ጥቅሙን ነግሮ ዋጋውን የሚደብቅ ምክር ግማሹ ውሸት ነው፤ ስለዚህ፣ «ፍሬውንም ፍየሎቹንም ማዳን አይቻልም» አልኳቸው። ትምህርቴ ቅጠል ያስለየኛል እንጂ ደመና አይጠራም። ፍየሎቹ ከአጥሩ ሥር ተኝተዋል፤ ሰው ሲያልፍ እንኳ አይነሡም።

ሽማግሌው ማጭዱን መሬት ላይ አኖሩና ወደ ቤታቸው ተጣሩ፦

«ዓይናዲስ! ቅጠሉን አልገፍፍም። ፍየሎቹ ቅዳሜ ይሸጡ፤ ገዥ ከጠፋ ይታረዱ!»