የሞተው ስክሪኑ ነው

ቴሌቪዥን ጠጋኟ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አንድ ባለ ጋሪ የእጅ ጋሪውን እየገፋ ይወጣ ነበር። ጋሪው ላይ አቧራ የጠጣ የኮምፒውተር ሣጥን በጎኑ ተጋድሟል። ከኋላው የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ የቁልፍ ዘለላቸውን እያንሿሹ ይከተላሉ። እሷም እዚሁ ስትማር ካርዷን የሚጽፉላት እሳቸው ነበሩ። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ቁልፉ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አይጠሉትም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይህን ወዴት እየወሰዱት ነው?»

«ደህና ነሽ ልጄ? ወደ አሮጌ ብረት ገዢው ነዋ። ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። ነፍስ ይማር!»

እሷ ግን አልሳቀችም። ታናሽ እኅቷ ለነርስነት ሥልጠና ተመርጣለች፤ የጎደላት የአራት ዓመት የውጤት ወረቀቷ ብቻ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስቱንም ጊዜ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ተብላ እያለቀሰች ተመልሳለች።

«የእኅቴ ውጤት እኮ እዚህ ውስጥ ነው!» አለች ጋሪውን ይዛ።

«ኧረ የለም! እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ? ውጤቱ ያለበትን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«የቱን?»

«ስክሪኑን ነዋ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፍ እዚያ ላይ አይደል የሚታየኝ? ይህ ማስቀመጫው ነው።»

ደሟ ፈላ። ቢሆንም ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቋት ሰው ናቸውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መስታወት ቢሰበር ፊትዎ ይጠፋል?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«ስክሪን መስታወት ነው። የጻፉት ሁሉ ያለው በዚህ ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው። መስታወቱን ቆልፈውበት ፊቱን ሊሸጡት ነው!»

«ካርድሽን በእጄ የጻፍኩልሽ ልጅ፣ ዛሬ እኔን ልታስተምሪኝ?» አሉ ተቆጥተው። «ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ርእሰ መምህሩ ፈርሟል፣ ንብረት ክፍሉ ፈርሟል፣ እኔም ፈርሜያለሁ።»

«ሦስት ሰው መሞቱን ሲፈርም አንድ እንኳ የልብ ትርታውን የሚያዳምጥ ጠፋ?»

ባለ ጋሪው ሳቁ አመለጠው።

በእርግጥም የሚያናድደው ይህ ነው። ሰው ሁሉን አያውቅም፤ አለማወቁም ነውር የለውም። ነውሩ የማያውቁትን ሳይጠይቁ ማኅተም ማሳረፍ ነው። አንድ ሰው ሌላ ስክሪን ሰክቶ ቢሞክር ኖሮ ያቺ ልጅ ሦስት ጊዜ ባላለቀሰች።

«ሌላ ስክሪን የላችሁም?»

«የለንም።»

«ስብሰባ ክፍል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውስ?»

«እሱማ ቴሌቪዥን ነው! የተሰጠን ስጦታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ሽፋኑ የሚገለጠው።»

«እስከ ዛሬ ስንት እንግዳ መጣ?»

ጋሼ ቁልፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገና... አልመጣም።»

«እኅቴ ሦስት ጊዜ መጣች እኮ። ለማን ነው የምታስቀምጡት?»

ሽማግሌው ወደ ባለ ጋሪው ዞረው «መልሰው» አሉት። «ርእሰ መምህሩ ቢቆጣ ግን ኃላፊዋ አንቺ ነሽ!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ።»

የስብሰባ ክፍሉን ከፍተው ሣጥኑን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጡት። የሣጥኑ ጀርባ ላይ አሥራ አምስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሰማያዊ መሰኪያ አለ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ያለው ጠፍጣፋና ቀጭን መሰኪያ ብቻ ነው።

«አየሽ! ሽማግሌና ወጣት አይግባቡም» አሉ፣ ልክ በመሆናቸው ትንሽ ደስ ብሏቸው።

«አስተርጓሚ ካለ ይግባባሉ።» ከቦርሳዋ መዳፍ የምታህል መቀየሪያ አወጣች። አንዱን ጫፍ ሰማያዊው ላይ ሰካች፤ ከሌላው ጫፍ ጠፍጣፋውን ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰደች። ኃይል እንድታገኝም ቀጭኗን ሽቦ ሣጥኑ ላይ ሰክታ ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው እንደ ጉንፋናም ሰው አስሎ ተነሣ። በሪሞቱ ትክክለኛውን መስመር መረጠች።

«ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«አላልኩሽም?» አሉ። ድምፃቸው ግን የድል አልነበረም፤ አሁን እሳቸውም እንዲሠራ ፈልገዋል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ላብ እያጠመቃት ወደ ሣጥኑ ጀርባ ጎንበስ አለች። ሌላ ሰማያዊ መሰኪያ ከታች አየች።

«ጋሼ፣ ለዚህ ማሽን ተጨማሪ የምስል ካርድ የገጠመለት ሰው አለ። ካርድ ሲጨመር ብዙ ጊዜ የላይኛው መሰኪያ ሥራ ያቆማል። የተዘጋ በር ነው የምናንኳኳው!»

አጥፍታ ገመዱን ወደ ታችኛው አዛውራ እንደገና አበራችው። ግድግዳው ቦግ አለ። ሽማግሌው ኪቦርዱንና ማውሱን ከመዝገብ ቤት አምጥተው የውጤት ፋይሉን ሲከፍቱ፣ የተማሪዎቹ ስም ከነውጤታቸው ተደርድሮ መጣ።

ጋሼ ቁልፉ ወደ ፊት ተጠጉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያለ መነጽር ይታየኛል» አሉ ቀስ ብለው።

ማተሚያውን ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ወረቀቱ ወጣ፤ ማኅተሙ አረፈ። እኅቲቱ ተደውሎላት እየሮጠች መጣች፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ እየሮጠች ወጣች።

ሽማግሌው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «ያ ጋሪ ቀድሞሽ ቢወጣ ኖሮ የልጆች የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ብረት ሆኖ ይቀልጥ ነበር። እኔስ አላወቅሁም፤ ግን ለምን አልጠየቅሁም?»

«አሁንም አልረፈደም። ይህ ማሽን አርጅቷል፣ አይመኑት። ፋይሉን ሁሉ ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ይገልብጡ፤ በሌላ ቦታም ይቀመጥ። ከእንግዲህ ሞተ ሲባል አንዱን ዕቃ በሌላ ቀይራችሁ ሳትሞክሩ አትፈርሙ። የተበላሸው አንድ ስክሪን ከሆነ የሚቀየረው አንድ ስክሪን ነው። ሥራ አይቆምም፣ ሰው አይጉላላም፣ የእርስዎም ዓይን ያርፋል።»

«ርእሰ መምህሩን እኔው እነግረዋለሁ» አሉ። «ይህ ቴሌቪዥን ከዛሬ ጀምሮ የመዝገብ ቤት ነው። ከተቆጣም ይቆጣ፤ እኔም እቆጣለሁ!»

ከዚያ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ የመለሷቸው የዘጠኝ ልጆች ስልክ ነበር። የመጀመሪያውን ደወሉ።

«ሄሎ፣ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ነው። ሞቷል ያልኩሽ አልሞተም። ሳልመረምር የቀበርኩት እኔ ነኝ። ነይ፣ እየጠበቅሁሽ ነው።»